በካርቶኑ የታመነ ማዘርቦርድ

ይህን የምጽፈው ንዴቴ ሳይበርድልኝ ነው። ዓመታት አልፈዋል፣ ልጆች ወልጃለሁ፣ ብዙ ሰው ይቅር ብያለሁ። የዚያን ሰሞን ነገር ባስታወስኩ ቁጥር ግን ዛሬም ፊቴ ይግላል። ስለዚህ ረጋ ብላ ታወራልናለች ብላችሁ አትጠብቁኝ።

ያኔ ሸዋ ሮቢት፣ ዋናው አስፋልት ዳር፣ አንዲት ፎቶና ቪዲዮ ቤት ውስጥ እሠራ ነበር። ጊዜው ከሚሌኒየሙ ትንሽ ቀደም ይላል። ሰርግን በቪዲዮ ማስቀረጽ ገና ወግ እየሆነ የመጣበት፣ ኮምፒውተር ያለው ቤት ደግሞ በከተማው ሁሉ የሚታወቅበት ዘመን ነው። ባለቤቷ እትዬ ብርቄ ይባላሉ። ባላቸው ሲሞቱ ሱቁንም ካሜራውንም ተረክበው፣ ሰው "ሴት ምን ታውቃለች" እያለ ሲያንሾካሹክ ጥርሳቸውን ነክሰው ያቆሙት ቤት ነው። እኔ ሰአዳ የጀውሃ ልጅ ነኝ። ትምህርቴን ጨርሼ የኮምፒውተር ኮርስ ከወሰድኩ በኋላ እሳቸው ዘንድ ገባሁ።

እትዬ ብርቄ እኔን የቀጠሩት ለዓይኔ ማማር አልነበረም። በይፋት ቆላ የሙስሊም ሰርግ ሲደገስ የሴቶቹ ዳስ ለብቻ ነው። ወንድ ካሜራ ይዞ እዚያ አይገባም፤ እኔ ግን እገባለሁ። ሴቶቹ ሻሻቸውን ጥለው ሲጨፍሩ፣ ሙሽራዋ እጅና እግሯን ሒና ስትቀባ እቀርጻለሁ። ቀርጬም ራሴው አቀናብሬ፣ ካሴቱንም ዲስኩንም ለሙሽራዋ እናት በእጇ አስረክባለሁ። ሌላ ዓይን አያየውም። ከካራቆሬ እስከ አሊዩ አምባ የሚጠሩኝ ካሜራ ስለምችል ብቻ ሳይሆን ስለሚያምኑኝ ነበር። እንጀራዬ የቆመው "ሰአዳ ታማኝ ናት" በሚለው ወሬ ላይ ነው። ያ ወሬ ከጠፋ የሚያስገባኝ ቤት የለም።

የምንሠራበት ኮምፒውተር እትዬ ብርቄ አዲስ አበባ ሄደው ያስገጣጠሙት ነው። ሻጩ የማሽኑ ሳጥን ጎን ላይ "ከተቀደደ ዋስትና የለም" የሚል ወረቀት ለጥፎበት ነበር። ሸዋ ሮቢት ከገባ በኋላ ያ ወረቀት ብዙም አልቆየም። የኛን አገር ሙቀት የሚያውቅ ያውቀዋል። ማሽኑ ገና ሥራ ሲጀምር ይግልና በራሱ ጊዜ ድርግም ይላል። እትዬ ብርቄ ደውለው ቢጠይቁት፣ ሻጩ ራሱ "ጎኑን ይክፈቱና ቬንትሌተር ያዙሩበት" አላቸው። ከፈትነው። በከተማው ያሉት ኮምፒውተሮች ሁሉ እንደዚያው ጎናቸው ተከፍቶ፣ ቬንትሌተር ዞሮባቸው ነበር የሚሠሩት። አቧራው ሲብስ ጎሚስታ ቤት ተሸክመን ወስደን በጎማ መንፊያው እናስነፋዋለን።

ነገሩ የተጀመረው በእትዬ ዘሀራ ልጅ ሰርግ ነው። እትዬ ዘሀራ ጀውሃ ውስጥ የታወቁ ነጋዴ ናቸው፤ ልጃቸውን ሲድሩ በሁለት ካሜራ እንዲቀረጽ፣ ፊልሙም ከቅልቅሉ በፊት እንዲደርስ ፈለጉ። የኛ ማሽን ደግሞ አንድ ሰርግ ሲያቀናብር እንኳ እያቃሰተ ነው። አበባ የሚበተንበትን ጽሑፍ ካስገባሁበት ደርቆ ይቀራል። "እትዬ፣ ይሄ ማሽን አያደርሰንም። ፈጠን ያለ ፕሮሰሰር ያስፈልገዋል" አልኳቸው።

"ሙሉውን መቀየር ነው?"

"አይደለም፣ ፕሮሰሰሩን ብቻ። ግን ማዘርቦርዱ አዲሱን መቀበሉን ማጣራት አለብን።"

ለማያውቅ ላስረዳ። ማዘርቦርድ ሁሉም ዕቃ የሚሰካበት ሰሌዳ ነው፤ ፕሮሰሰር የሚያስበው ክፍል ነው። ሁለቱ ካልተስማሙ፣ መሰኪያው ልክክ ቢል እንኳ አይሠራም። ስለዚህ መጀመሪያ የቦርዱን ሞዴል ማወቅ ነው።

እንግዲህ ጉዱን ስሙ። ማሽኑ ጎኑ ተከፍቶ፣ ቦርዱ ከነአንጀቱ ፊታችን ተዘርግቶ፣ እኛ ወንበር አቁመን ቁም ሳጥኑ ላይ ያለውን የማዘርቦርድ ካርቶን አወረድን። በኛ አገር ካርቶን ይከበራል። የቴሌቪዥኑም፣ የቴፑም፣ የካውያውም ካርቶን ዳንቴል ለብሶ ከፍ ብሎ ይቀመጣል፤ የዕቃው ማንነት እሱ ላይ ነው። ካርቶኑ ላይ የሞዴሉ ቁጥር በትልቁ ተጽፏል፦ 865። ሻጩ ጋ ደወልኩ።

"ካርቶኑን አንብቢልኝ" አለ። አነበብኩለት።

"ስምንት ስድሳ አምስት ከሆነ አሳምሮ ይወስዳል። ዓይንሽን ጨፍነሽ ግዢ።"

እኔ ዓይኔን ጨፍኜ አልገዛም። ደብረ ብርሃን ድረስ ሄጄ ኢንተርኔት ቤት ተቀመጥኩ። ገጹ እስኪከፈት ከጎኔ የነበረው ሰው ሻይ ጠጥቶ ተመለሰ። ሲከፈት ግን ለዚያ ቦርድ የሚሆኑት ፕሮሰሰሮች ተደርድረዋል፣ እኛ የምንፈልገውም አለበት። ደስ ብሎኝ ተመለስኩ። እትዬ ብርቄ እዚያው ከገዙበት ሱቅ አዘዙ፤ ፕሮሰሰሩ በአውቶቡስ ተልኮ መጣ።

ቢስሚላህ ብዬ አሮጌውን አንስቼ አዲሱን አስቀመጥኩ። ልክክ አለ። አበራሁት። ቬንትሌተሯ ዞረች፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው። አጥፍቼ አበራሁ፣ ጥቁር ነው። አሮጌውን ስመልስ ማሽኑ ምንም እንዳልነበረው ተነሳ። አዲሱን ስከት እንደገና ጥቁር።

ያኔ ነው ቦርዱን ራሱን ማየት የመጣልኝ። ከላዩ የተጋደመውን ሰፊውን የዲስክ ገመድ ገለል አድርጌ፣ ከሥሩ ያለውን አቧራ በብሩሽ ጠረግኩት። ቁጥሩ ተጽፏል። 845 ይላል።

ካርቶኑን አየሁ፣ ቦርዱን አየሁ። የካርቶኑ አዲሱን ፕሮሰሰር የሚቀበለው ነው፤ ሳጥኑ ውስጥ ያለው ግን የማይቀበለው፣ የቀድሞው ሞዴል። እትዬ ብርቄን ጠርቼ አሳየኋቸው።

"ታዲያ ማን ቀየረው?" አሉ።

"ማንም አልቀየረው እትዬ። ከመጀመሪያውም እንዲህ ሆኖ ነው የመጣው። ሌላ ካርቶን ነው የሰጡን።"

"የሻጩን ጉድ ነገ ሄጄ አያለሁ" አሉ ተቆጥተው። ቁጣቸው በሻጩ ላይ ስለነበር ደስ አለኝ።

በማግስቱ በጠዋት ማሽኑን በብርድ ልብስ ጠቅልለን አውቶቡስ ላይ ወጣን። ጣራ ላይ እንዳይንገጫገጭ ብዬ የጣርማ በርን ዳገት ሁሉ ማሽኑን ጭኔ ላይ አድርጌ ነው የተሻገርኩት። እግሬ ደንዝዞ አዲስ አበባ ስንወርድ መቆም አቅቶኝ ነበር። ይህን የምነግራችሁ እዚያ ሱቅ ውስጥ ምን እንደተባልኩ ስትሰሙ እንድታስታውሱት ነው።

ሻጩ ሽቶ የተቀባ፣ ቃላቱ የሚጣፍጥ ሰውዬ ነው። ማሽኑን ገልበጥ አድርጎ አየና ፈገግ አለ።

"እናቴ፣ እዚህ ጋ የለጠፍኩት ወረቀት የት ሄደ?"

"ሙቀቱ አላሠራ ቢለን ከፈትነው። አንተው አይደለህ ክፈቱት ያልከኝ?"

"እኔ? እኔ እንደዚያ አልልም። ለማንም ብያለሁ እንዴ?" ከጀርባው የቆመውን ሠራተኛ አየው፤ ሠራተኛው የለም በሚል አንገቱን ነቀነቀ። "እናቴ፣ ይሄ ዕቃ ከዚህ ሲወጣ ስምንት ስድሳ አምስት ነበር። ካርቶኑ ይኸው ይመሰክራል። ቦርድ እግር አውጥቶ አይሄድም። ማሽኑን የሚነካው ማነው?"



"እኔ ነኝ" አልኩ።

"እንግዲያ ምን እኔ ጋ አመጣችሁ?" አለ፣ እኔን ሳይሆን እሳቸውን እያየ። "የዘንድሮ ልጆች እኮ አደገኞች ናቸው። ጥሩውን ያወጡና ይሸጡታል፣ በቦታው አሮጌ ይከታሉ። ባለቤቱ ምን ያውቃል? ስንቱ እያለቀሰ መጥቷል መሰልዎ።"

ሱቁ ውስጥ ሌሎች ገዢዎች ነበሩ። ሁሉም ዞረው አዩኝ። "ወላሂ አልነካሁም" አልኩ፤ ወዲያው ደግሞ መማሌ ራሱ አናደደኝ። ሰውዬው ሰርቆ ቆሞ እኔ እምላለሁ።

እትዬ ብርቄ ቀስ ብለው ወደኔ ዞሩ። ያንን አስተያየት ልገልጸው አልችልም። ስንት ዓመት አንድ ጣሪያ ሥር ስንሠራ አይተውኝ የማያውቁትን አስተያየት አዩኝ።

"ሰአዳ፣ ያን ጊዜ ደሴ ስትሄጂ ምን ይዘሽ ነበር የሄድሽው?"

"እህቴ ወልዳ አራስ ልጠይቅ ነዋ የሄድኩት። ዘንቢሉን አብረን አይደል ያሰርነው? ቅቤውን እርስዎ አይደሉ የሰጡኝ?"

"ልክ ነሽ" አሉ፤ ግን ድምፃቸው ልክ ነሽ አላለኝም። "ቆይ፣ ሱቁ ደህና መሆኑን ስልክ ደውዬ ጠይቄ ልምጣ" ብለው ወጡ።

እሳቸው እንደወጡ ሻጩ ጠረጴዛው ላይ ተደግፎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"እህቴ፣ ነገሩን አታካብጂው። አጥፍቻለሁ በያቸው። ደግ ሴትዮ ይመስላሉ፣ ይቅር ይሉሻል። እኔም አዲስ ቦርድ በቅናሽ እሰጣቸዋለሁ፣ በሰላም ትሄዳላችሁ።"

ይህን ሲለኝ እርግጠኛ ሆንኩ። ሰውዬው አውቆ ነው የሚሠራው። እኔ ሌባ ነኝ ብዬ እንዳምንለት በትህትና እየለመነኝ ነው። ብናገር እንደማለቅስ ስላወቅኩ ፊቴን አዙሬ ዙሪያዬን አየሁ።

በሩ አጠገብ አንድ አዛውንት የገዙትን ኮምፒውተር በሲባጎ እያሳሰሩ ነበር። ወረቀቱ ጎኑ ላይ እንደተለጠፈ ነው። ከላዩ ደግሞ የማዘርቦርድ ካርቶን ተቀምጧል፤ የኛው ዓይነት፣ 865 የሚል።

"አባባ፣ ከየት ነው የመጡት?" አልኳቸው።

"ከደብረ ሲና ነኝ ልጄ።"

"ይህን ዕቃ ሳይወስዱት እዚሁ ያስከፍቱት። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ቁጥርና ውስጥ ያለው አንድ መሆኑን ይዩ።"

ሻጩ ከጠረጴዛው ጀርባ ወጣ። "አባቴ፣ አይስሟት። ወረቀቱ ከተቀደደ ዋስትና የለዎትም፤ ደንብ ነው።"

አዛውንቱ እሱንም እኔንም በየተራ አዩን። "እዚሁ ሱቅህ ውስጥ፣ አንተው ፊት ቢከፈት ምን ይሆናል?"

"ደንብ ነው አልኩዎት እኮ።"

"ያላየሁትን ዕቃ ዋስትና ምን ላድርገው?" አሉና ወረቀቱን በጥፍራቸው ፋቅ ፋቅ አድርገው ላጡት።

ቦርሳዬ ውስጥ መፍቻ ነበረኝ። ሻጩ እጄን ሊይዝ ሲሞክር አንድ ሌላ ገዢ "ተዋት፣ ትክፈተው" አለው። ጎኑን አነሳሁ፣ ሰፊውን ገመድ ገለል አደረግኩ። "ያንብቡልኝ አባባ፤ እኔ ካነበብኩት ደግሞ ዋሸች ይላል።"

መነጽራቸውን አጥልቀው ጎንበስ አሉ። "ስምንት… አራት… አምስት።"

"ካርቶኑንስ?"

"ስምንት… ስድስት… አምስት።" ቀና አሉ። "ይሄ ምንድነው ልጄ?"

እትዬ ብርቄ ተመልሰው በሩ ላይ ቆመው ነበር። ሁሉንም ሰምተዋል።

ሱቁ ተተራመሰ። አንዱ "የኔንም ክፈቱልኝ"፣ ሌላው "ፖሊስ ጥሩ" ይላል። ሻጩ ላብ በላብ ሆኖ "ስህተት ነው፣ ካስመጪው የመጣ ስህተት ነው" ማለት ጀመረ። ልብ በሉልኝ። እኔ ስሆን ሌብነት ነበር፣ እሱ ሲሆን ስህተት ሆነ። ነገሩ እንዳይሰፋ የአዛውንቱንም የኛንም ቦርድ እዚያው ቀየረ። አዲሱን ፕሮሰሰር ሰክቼ አበራሁት፣ ስክሪኑ ወዲያው በራ። እትዬ ብርቄን "እናቴ፣ ይቅርታ" አላቸው። ለኔ አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ ዓይኑን እንኳ አላነሳም።

ስንመለስ እትዬ ብርቄ ሌላ ሰው ሆኑ። ማሽኑን ተራ በተራ እንታቀፈው አሉኝ። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ገዙልኝ። "ይቺን ልጅ አያችኋት? እሷ ባትኖር እርቃኔን ነበር የምቀረው" እያሉ ለአውቶቡሱ ሰው ሁሉ አወሩ። የሱቁ አስተያየት ከሆዴ ባይወጣም ለሰስ እያልኩ መጣሁ። ሰው ነው፣ ለጊዜው ደንግጠው ነው አልኩ። ቁልቁለቱን ወርደን የቆላው ሙቀት ሲቀበለን እንዲያውም ስቄያለሁ።

ሸዋ ሮቢት የደረስነው ገና ሳይመሽ ነው። አስፋልቱ ዳር ሰው ሞልቷል። እሳቸው ማሽኑን የሚሸከም ሰው ሲፈልጉ እኔ ቀድሜ ሱቁን ልከፍት ሄድኩ። ቁልፌን አወጣሁ። በሩ ላይ ከወትሮው ቁልፍ በላይ ሌላ ተደርቦበታል፤ አዲስ፣ የሚያብለጨልጭ ትልቅ ጓጉንቸር።

ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ጋሼ ታደሰ በረንዳው ላይ በመኪናቸው እየሰፉ ነበር። "ጋሼ፣ ይሄ ምንድነው?" አልኳቸው።

ከጨርቁ ቀና አላሉም። "እትዬ ብርቄ ደውለውልኝ ነው። ቀድማኝ ከመጣች ሰአዳ እንዳትገባ፣ ቁልፍ ደርብበት፣ ካሜራና ካሴቶቹ አሉ ብለውኝ ነው። እኔ የለሁበትም ልጄ።"

አጠገቡ ያለው ቁርስ ቤት በረንዳ ሙሉ ሰው ነው። ሰምተዋል፤ ለነገሩ ቁልፉ ሲደረብም ቆመው ያዩ ናቸው።

እትዬ ብርቄ ከኋላዬ ደረሱ። ቁልፉን አዩ፣ እኔን አዩ። እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

"ውይ ሰአዳ፣ ለታደሰ መልሼ መደወሉን ረሳሁ።"

ረሳሁ። ያን ሁሉ መንገድ ቆሎ ሲያስቆረጥሙኝ፣ ለማያውቁኝ ሰዎች ስሜን ሲያነሱ፣ ለሚያውቁኝ ሰዎች ሌባ መባሌን ማስተባበል ረሱ። እኔ እዚያው በረንዳ ላይ ቆሜ፣ ሰው እያየኝ አለቀስኩ። ሻጩ ፊት ያላለቀስኩትን።

ከሸዋ ሮቢት ጀውሃ ሩቅ አይደለም፣ ወሬ ደግሞ መኪና አይጠብቅም። በማግስቱ ከእትዬ ዘሀራ ቤት ሰው መጣ። "ካሜራውን ሌላ ሴት ትያዝልን፤ የሴቶች ነገር ነው፣ ቅር አይበላችሁ" የሚል መልእክት ነው። እትዬ ብርቄ በጣም ደነገጡ። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ራሳቸው ጀውሃ ድረስ ሄዱ። በማርያም ማሉላቸው፤ ቦርዱን የለወጠው ሻጩ እንደሆነ፣ ሰአዳ እንኳን ልትሰርቅ ቤታቸውን እንዳዳነች ነገሯቸው። ተመልሰው መጥተው፣ እንባቸውን እየጠረጉ፣ የተመለሰላቸውን ሳይደብቁ አወሩኝ።

"እትዬ ዘሀራ ምን አለችኝ መሰለሽ? 'የኔ እህት፣ ነገሩን የሰማነው ከሌላ ሰው አይደለም፤ ከርስዎ ነው። እርስዎ አብረዋት እየዋሉ በር ከዘጉባት፣ እኔ የልጄን ገላ እንዴት አምኜ ልስጣት?' አለችኝ።"

ሰርጉን ሌላ ሴት ቀረጸችው። ያንን በፍጥነቱ የተመካንበትን ማሽን ይዘው ራሳቸው እትዬ ብርቄ አቀናበሩት።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ዕቃ ስትገዙ ካርቶኑን ሳይሆን ውስጡን እዩ ብዬ ልመክራችሁ እችላለሁ፤ እሱ ቀላሉ ምክር ነው። ዛሬ ካራቆሬ ውስጥ የራሴ ኮምፒውተር ቤት አለኝ። ማንም ገዢ የቦርዱን ቁጥር በዓይኑ አንብቦ ሳይጨርስ ማሽን አላስወጣም፤ ወረቀት የሚባል ነገርም አልለጥፍም። እኔን የሚያቃጥለኝ ግን ሌላ ነው። ያ ሻጭ አታለለን፤ ሌባ ነው፣ ሥራው ነው። እትዬ ብርቄ ሌባ አልነበሩም። ስንት ዓመት ያዩኝን እኔን ትተው፣ ሁለቴ ብቻ ያዩትን ሰው ቃል ይዘው ስልክ ለመደወል ተቻኮሉ። ሲሳሳቱ ፈጥነው፣ ሲያርሙ ረስተው። እናንተም አንድ ቀን ቤታችሁ የምትሠራ ልጅ ላይ ጣት ሲቀሰርባት እንደዚያ ትቸኩሉ ይሆናል። ስልኩን ከማንሳታችሁ በፊት ልጅቷ እንጀራዋ ምን ላይ እንደቆመ አስቡ። ከእጃችሁ የወጣ ወሬ በመሐላ አይመለስም፤ እኔ አይቼዋለሁ።

ከሥራው ልሰናበት በሄድኩ ዕለት እትዬ ብርቄ ከወገባቸው የአዲሱን ጓጉንቸር ቁልፍ ፈተው ጠረጴዛው ላይ፣ ፊቴ አኖሩት። "ይኸው፣ ካንቺ ሌላ ማንም አይዘውም። እባክሽ ልጄ" አሉ።

በኋላ ሽማግሌ ገብቶ አስታርቆናል። በፋሲካ እጠይቃቸዋለሁ፣ በኢድ ይመጡልኛል፤ ሲታመሙም አስታምሜአቸዋለሁ። ያን ቁልፍ ግን ከጠረጴዛው ላይ አላነሳሁትም።